ደብሪቱ ያሸተተችው ዓሣ

እንጅባራን እስከ ዛሬ ኮሶበር ብለው የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱን «ደህና ቅመም የት ይገኛል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ደብሪቱ ጋ ሂድ» ይሉታል። ቅመም ሻጭ ጠፍቶ አይደለም። ገበያው ሞልቶ ተርፏል፤ የሸክላ ዱቄት ቀላቅሎ በርበሬ ነው እያለ የሚምል ዓይነ ደረቅም አብሮ ሞልቷል። ግን ስጋውን ወይም ዓሣውን አሽተውበት፣ ጥቂት አቆይተው መጥበሻ ላይ ጣል ሲያደርጉት ጎረቤት የራሱን ድስት ትቶ እንዲመጣ የሚያደርግ ደረቅ ቅመም የነበረው ደብሪቱ ቤት ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ትሠራ ነበር፤ አንዱ የስጋ፣ አንዱ የዓሣ። የስጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ሚጥሚጣ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቂት ቅርንፉድ፣ ደርቆ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት። ቋንጣ ለሚሰቅል ሰው ጨውን ከፍ ታደርግለታለች። የዓሣው ግን ለስለስ ማለት አለበት፤ ሚጥሚጣው ይቀነስና ድምብላል፣ ደረቅ ዝንጅብልና የጤና አዳም ፍሬ ይገባበታል። አብሽ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። «ዓሣ ውሃ ለምዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከመግባቱ አትጩኹበት» ትል ነበር፣ ልማድ ሆኖባት።

ወፍጮ ቤት ወስዳ አታውቅም። የወፍጮ ዱቄት ከልክ በላይ ስለሚልም የስጋው ውሃ ሲነካው ሊጥ ይሆንና መጥበሻው ላይ ያራል። ስለዚህ በሙቀጫ ነው፤ በገዛ ክንዷ፣ አሸዋ አሸዋ እስኪል ድረስ ብቻ። ጨውን ሳይቀር በብረት ምጣድ ላይ ታደርቀዋለች፤ የእንጅባራ ጭጋግ እንኳን ጨው የአልጋ ልብስም ያረጥባል። ከሰሏ ዲከረንስ ከሚባለው የአገሩ ዛፍ የከሰለ ነው፤ ማድረቂያዋ ከቀርከሃ የተሠራ ሰፊ ጠፍጣፋ ቅርጫት። ባሏ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት ይኸው ሙቀጫ፣ ይኸው ቅርጫትና ስሟ ነበር።

ስሟ ደግሞ ከአፍንጫዋ የመጣ ነው። አገሩ የሚያወራላት ብዙ ነው። አንድ ነጋዴ ኮረሪማ ይዞላት ቢመጣ ከረጢቱን ገና ሳይፈታ «ይሄ ከሳሙና ጋር ነው ያደረው፤ መልሰው» ብላ ሰደደችው፤ ሰውዬው እውነትም ሌሊቱን ከሳሙና ካርቶን ጋር ነበር ያሳደረው። የዳንግላ ሥጋ ቤት ባለቤት ብልት አስይዞ ልኮላት «የትናንት ነው» ብላ መልሳበታለች፤ ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ አመነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ የሚመጣ ዓሣ እንጅባራ ሲደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ደብሪቱ ደጅ ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። «ደህና ነው» ካለች እዚያው ቅመሙን አሽታ ወደ ሆቴል ትልከዋለች። «አይሆንም» ካለች ይጣላል። ከእሷ በኋላ ማንም አያሸትም። ለምን ብሎ!

ወይ ጣጣ! ያ አፍንጫ ከሞተ ግን ወራት አልፈውት ነበር፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

አምና ነሐሴ ላይ ጉንፋን ያዛት። ከበድ ያለ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት። ስትነሳ ድምብላል ልታምስ ከሰሏን አያያዘች። ድምብላሉን እያገላበጠች ስለ ሌላ ነገር ታስባለች፤ ቀና ብትል ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። ምጣዱ ላይ ያለው ፍሬ ከስሏል። ከሰላሳ ዓመት በላይ ስታምስ አንዲት ፍሬ አርራባት አታውቅም። ደነገጠች። ነጭ ሽንኩርት ፈልጣ አፍንጫዋ ላይ ያዘች፤ ምንም። የላምባውን ጠርሙስ ከፈተች፤ ምንም። የራሷን የብብት ሽታ ሳይቀር ሞከረች። ዓለም ሁሉ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ ሆነባት። ምላሷም ጨው ጨው መሆኑን፣ ሚጥሚጣ ማቃጠሉን ይነግራታል እንጂ ከዚያ ያለፈ ነገር አያውቅም። ማንም ወደማያውቃት ከተማ ሄዳ ጤና ጣቢያ ታየች፤ «ይመለሳል እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡ» አሏት። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። አልተመለሰም።

ለማን ትንገር? ብትናገር ማግስቱን አገር ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ማን ቅመም ይወስድላታል? ደግሞ እውነቱን እንናገር፣ የከበዳት እንጀራው ብቻ አይደለም። ገበያ ስትሄድ መንገድ የሚለቀቅላት፣ ሠርግ ቤት ስትገባ «ነይ እስቲ ይቺን ስጋ እያት» እየተባለች የምትጠራው በአፍንጫዋ ነው። ያለሱ ማን ናት? አንዲት መበለት ናት፤ በቃ። ፈራች። ብዙ ቀን ሙቀጫዋን ታቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠረገችና መላ ፈለገች።

በዓይኗና በጆሮዋ መሥራት ጀመረች። ድምብላል ሲበስል ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ አለው፤ ያን ትቆጥራለች። የአዝሙዱን መልክ በመስኮቱ ብርሃን ታያለች። ድሮ በእፍኝ የምትጨምረውን አሁን በጣሳ እየለካች ትጨምራለች። ሰው መጥቶ «እስቲ አሽትቺልኝ» ሲላት ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ በመልኩና በንክኪው የገመተችውን ትናገራለች። ብዙውን ጊዜ ልክ ትሆናለች። ቅመሙም እንደ ድሮው ይመሰገናል። ውላ አድራ ኮራ ማለት ሁሉ ጀመረች። «አፍንጫ ለካ ጌጥ ነው» አለች ለራሷ አንድ ቀን። ምን ያደርጋል!

ሰርክአዲስ የምትባል ልጅ አለች። የጥርባ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ለትምህርት ስትመጣ አማርኛዋ ገና ስብርብር ያለ ነበር፤ ደብሪቱ ቤት ተጠግታ ነው ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማረችው። ደብሪቱ በአዊኛ እየተቆጣች፣ በአማርኛ እያባበለች ሙቀጫ አስያዘቻት፤ ስጋ እንዴት በጨርቅ ደርቆ እንደሚታሽ፣ ዓሣ ላይ ለምን መዳፍ እንደማይጫን ሁሉንም አሳየቻት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ዋና ወጥ ቤት ሆናለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትመጣና ታግዛታለች። ደብሪቱን «እማማ» ነው የምትላት፤ ደብሪቱም ልጅሽ ማናት ብትባል የምትጠራው የእሷን ስም ነው።

ነገሩ የደረሰው ዘንድሮ በሁዳዴ፣ ከጾሙ መካከል ላይ ነው። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለካህናቱ ይቆይና፣ ደብሪቱ አትበላም፤ ሰርክአዲስም አትበላም፤ ሁለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው፤ የሆቴሉ የዓሣ ገበያ እንዲያውም የሚደራው በጾም ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከየወረዳው የመጡ መምህራን ለሥልጠና ተሰብስበው ነበር፤ ምሳቸው እዚያው ሆቴል ነው።

ዓሣውን የሚያመጣው መሳፍንት የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ደህና ሰው ነው፤ ክፉ አልሠራም። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደብሪቱ ደጅ ሲደርስ ሳጥኑን አወረደና ራሱን እያከከ፣

«እማማ፣ አልዋሽዎትም» አላት። «በረዶው ቀልጧል። መንገድ ላይ ሌላ ፈልጌ አጣሁ። ደህና ነው ካሉ ይግባ፤ ካላሉ እዚሁ ገደል እሰደዋለሁ፣ ቅር አይለኝም።»

ዓሣው ራሱ ተቆርጦ አጥንቱ በወጉ የወጣለት ነው፤ የሚታይ ዓይን የለው፣ የሚገለጥ ስንጥብ የለው። ሦስት አራት ጎረቤት ቆሞ ያያል። ደብሪቱ ጎንበስ አለች። ትንፋሿን ሳበች። ባዶ። ደገመች። ባዶ። በጣቷ ጫን አለችው፤ ትንሽ ለስለስ አለባት፤ ግን በረዶ የቀለጠበት ዓሣ መቼም ይለሰልሳል። መልኩ ነጭ ነው። «አልሸተተኝም፤ ሌላ ሰው ያሽትልኝ» ማለት ይቻል ነበር። ይኼው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መሳፍንት ፊቷን ያያል። ጎረቤቶቿ ፊቷን ያያሉ። ዝም ብላ «አይሆንም» ብትልስ? ያኔ ደግሞ የሰው ገንዘብ በከንቱ ማስጣል ሆነባት፤ ዓሣው ደህና ቢሆንስ?

«ደህና ነው» አለች።

መሳፍንት እፎይ ብሎ ሳቀ። ደብሪቱ ዓሣውን በጨርቅ አደረቀችው፤ ቅመሙን ነሰነሰችበት፤ በጣቶቿ ጫፍ እያዞረች አሸችው። እጇ ሥራውን ያውቃል። ልቧ ግን አልተረጋጋም። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያለች በሁለት ሳፋ አድርጋ ሸፍና በባጃጅ ላከችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ሰርክአዲስ ናት።

«እማማ፣ ዓሣውን ልጠብሰው ነው፤ ግን ሽታው ትንሽ… እንጃ፣ ልቤ አልወደደውም።»

 ደብሪቱ ተቆጣች፤ ሰው ሲፈራ የሚቆጣውን ቁጣ።

«እህል ከቀመስሽ ስንት ሰዓትሽ ነው?»

«ከትናንት ማታ ነው፤ ያው ጾም አይደል።»

«ባዶ ሆድ ሁሉ ነገር ይሸተዋል! የሚሸትሽ ጤና አዳሙ ነው። እኔ በገዛ አፍንጫዬ አሽትቼ ነው የላክሁት። ነው ወይስ ዛሬ ከእኔ በላይ አወቅሽ?»

 ሰርክአዲስ አንድ ነገር ልትናገር ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል።

«እማማ…»

«ምን?»

«ምንም። እሺ፤ እርስዎ ካሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጅቱ ልቅመሰው ብትል ጾሙን መግደፍ ነው፤ ያውም በዓሣ። አልቀመሰችውም። ስድስት ሰዓት ላይ ለመምህራኑ ቀረበ።

ማታውን አሥራ አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ። የሚያስመልሰው ያስመልሳል፣ የሚያስቀምጠው ያስቀምጣል። አሥሩ በሁለት በሦስት ቀን ዳኑ። አንዱ ግን፣ ይኸነው የሚባል የጥሊሊ መምህር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ድሮም ጉበቱን ያመው ነበር አሉ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እቴናት የምትባል ሚስትና ገና ያልተራመደች ሴት ልጅ አለችው።

እሑድ ዕለት ፖሊስ ሰርክአዲስን ወሰዳት። ሐሙስ ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣው ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ዓሣው የተበላሸው ወጥ ቤት ገብቶ ነው፤ የተበላሸው በወጥ ቤቷ ቸልተኝነት ነው። መሳፍንት ሲጠየቅ «እማማ ደብሪቱ አሽትተውታል» አለ፤ መርማሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ደብሪቱም ቤት መጣ። በአክብሮት ነው የመጣው፤ ቆቡን አውልቆ።

«እናቴ፣ ሲያሸቱት ደህና ነበር አይደል? ለወጉ ያህል ነው የምጠይቅዎት።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች።

«ደህና ነበር» አለች።

አይ ደብሪቱ! የመጀመሪያውስ ስህተት ነው እንበል፤ ይሄኛው ግን ምን ይባላል? መርማሪው አመስግኖ ሲወጣ በሩን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስለ ስልኩ ለምን እንዳልጠየቃት ሊገባት አልቻለም። ልጅቱ ደውላ ነበር፤ «ሸተተኝ» ብላ ነበር፤ ያን መናገር ይበቃታል። ነገ ትናገረዋለች፣ አለች ደብሪቱ። ነገ ይመጡብኛል። ነገም አልመጡም፤ በማግስቱም አልመጡም።

በሳምንቱ ሽሮ በሳህን ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሰርክአዲስን አወጡላት። ልጅቱ ከስታለች፤ ግን ደብሪቱን ስታይ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ከስድብ ሁሉ በለጠባት።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አለች ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሆነውን ነዋ። ጠበስሁት፣ አቀረብሁት።»

«ስልክ መደወልሽንስ?»

ሰርክአዲስ ሳህኑን ተቀበለቻትና ክዳኑን መልሳ አስተካከለች።

«የምን ስልክ፣ እማማ? ይልቅ ብርድ እንዳይመታዎት፤ በጊዜ ይግቡ።»

ደብሪቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ ገበያው መሐል ሰዎች አስቁመው አጽናኗት። «ምስኪን፣ ስንት የደከምሽባት ልጅ! አንቺ ደህና አድርገሽ ብትልኪም እሷ አበላሸችው» አሏት። እሷም ዝም አለች። ዝም ማለቷ ለራሷ ሳይቀር ዘገነናት። ከዚያ ቀን ወዲያ ሙቀጫው አልተነካም። ለፋሲካ ቅመም ፈልጎ የመጣውን ሁሉ «አሞኛል» ብላ መለሰች። ፋሲካም ገባ፤ ጎረቤት ያመጣላትን ስጋ ፊቷ አስቀምጣ እያየችው ዋለች። ሰርክአዲስ በዋስ የተፈታችው በስቅለት ዋዜማ ነው፤ ሥራዋን ግን አጥታለች፤ ጥርባ አባቷ ቤት ገብታ ከሰው አትገናኝም ተባለ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የሟች ወገኖችና የሰርክአዲስ ወገኖች በሽማግሌ ሊነጋገሩ ጥሊሊ ላይ ቀጠሮ ያዙ። ፍርድ ቤቱ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ደም ግን እንዳይፈላለግ ሽማግሌ ይገባል። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ማንንም አላማከረችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሚኒባስ ተሳፈረችና ሄደች። መንገዱን በሙሉ የምትለውን ስታነበንብ ቆየች።

የተሰበሰቡት አቶ በዛብህ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰዉ በሁለት ወገን ተቀምጧል፤ ንግግሩ ግማሹ በአዊኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው። እቴናት ጥቁር ለብሳ ልጇን ታቅፋ በአንድ ጥግ አለች። ሰርክአዲስ ከአባቷ ጀርባ ራሷን ደፍታለች። ደብሪቱ ስትገባ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉላት። አልተቀመጠችም።

«ልጅቱ ጥፋት የለባትም» አለች ከቆመችበት። «ዓሣው ከእኔ ቤት ሳይወጣ የተበላሸ ነበር። እኔ አይሸተኝም። ከነሐሴ ጀምሮ አፍንጫ የለኝም። ማሽተቴ ውሸት ነው፤ ለፖሊስም ዋሽቻለሁ። ሰርኬ ደውላ ሸተተኝ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ተቆጥቼ ያስጠበስኋት።»

ሰዉ ጉም ጉም አለ። አንዱ ሽማግሌ ለሌላው በአዊኛ የሆነ ነገር ነገረው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ በዛብህ በርኅራኄ አዩዋት።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይቀመጡ እስቲ» አሏት። «ያሳደጓትን ልጅ ለማዳን መሆኑ ገብቶናል፤ እናትነት ነው። ግን እዚህ ሰው ሞቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። የእርስዎን አፍንጫ የማያውቅ የአዊ ሰው አለ እንዴ?»

«የለኝም እላችኋለሁ!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። እንባዋ መጣ። ይህን ያህል ወር የሸሸገችውን አውጥታ ስትሰጥ የሚቀበላት ጠፋ። «ዓይኔን አስሩና የፈለጋችሁትን አምጡ!»

አቶ በዛብህ ጥቂት አሰቡና ወደ ጓዳ ላኩ። የደብሪቱን ዓይን በገዛ ነጠላዋ ሸፈኑት። አንዲት ሴት በሲኒ የሆነ ነገር አምጥታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት።

ደብሪቱ አፍንጫዋን ሲኒው ላይ ደፍታ በረጅሙ ሳበች፤ ፊቷ ቅንጣት አልተኮሳተረም። «ምንም» አለች። «ምንም የለበትም። ውሃ ነው?»

 ነጠላውን ከዓይኗ ስታነሳ ሲኒው ውስጥ ላምባ ነው ያለው፤ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይዘዋል። አሁን ሁሉም አመናት።  ደብሪቱ ወደ ሰርክአዲስ ዞረች፤ «ልጄ ይቅር በይኝ» ልትል ነበር።

ሰርክአዲስ ከአባቷ ጀርባ ተነሳች። 

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?» አሏት አቶ በዛብህ።

«እንደማይሸታቸው። ከጥቅምት ጀምሮ አውቅ ነበር። አንድ እሑድ ስሄድ የሻገተ ኮረሪማ ይወቅጣሉ፤ ቤቱ በሽታው ተሞልቷል፤ እሳቸው ግን ያንጎራጉራሉ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየሄድኩ፣ እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ የተበላሸውን እጥላለሁ፣ የጎደለውን እጨምራለሁ። ቅመሙ እንደ ድሮው የቆየው እንደዚያ ነው።»

ደብሪቱ ካለችበት ቁጭ አለች። ዓይኔና ጆሮዬ ነው ያለችው፣ የኮራችበት ሁሉ የዚህች ልጅ እጅ ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን?» አሏት አቶ በዛብህ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ዓሣው ሸተተሽ። እሳቸው እንደማይሸታቸው ታውቂያለሽ። ለምን አቀረብሽው?»

ሰርክአዲስ ወደ አቶ በዛብህ ዞረች።

«ስልክ ላይ ‘እማማ፣ እርስዎ እኮ አይሸትዎትም’ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እንዴት ብዬ ልበላቸው? አሳድገውኛል እኮ። ያውም ሲቆጡ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብደፋው ደግሞ ለምን ደፋሽው ይባላል፤ ‘ደብሪቱ ያሸተተችውን?’ ይሉኛል፤ ያኔ እንደማይሸታቸው ይወጣል። ምናልባት እውነትም ባዶ ሆዴ ይሆናል አልኩ። ቅመም ጨመርኩበትና አቀረብሁት።»

 ከጥግ በኩል እቴናት ተነሳች።  ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና ሁለቱን ሴቶች በየተራ አየቻቸው። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«እናንተ ስትተፋፈሩ ነው እንግዲህ ባሌ የሞተው» አለች። «እሷ ለእርስዎ አዘነች፤ እርስዎ ለስምዎ አዘኑ። ለይኸነው ግን አንድ ሰው አላዘነለትም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ‘አይበላም’ ብትሉ ኖሮ፣ በቃ፣ ምሳውን ሌላ ነገር በልቶ ቤቱ ይገባ ነበር።»

  እቴናት መልስ አልጠበቀችም፤ ልጇን አዘለችና ከግቢው ወጣች።